የጀርመን ውሰት ቃላት በኖርዌጅኛ፦ ስለ ክፍለ ቃል አከፋፈልና ስለ ጫና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በኦስሎና በአካባቢው እንደሚነገረው ናቸው፤ ጭረት ክፍለ ቃላትን ይለያል፣ ጫናው የት እንዳረፈ በማብራሪያው ይነገራል፣ «ን-ነ» ዓይነት ድግግሞሽ ደግሞ ተነባቢው እንደሚጠብቅ ያሳያል።

ክፍለ ቃል ምንድን ነው? ጫናስ?

ክፍለ ቃል በአንድ የትንፋሽ ግፊት የሚወጣ የቃል ቁራጭ ነው፤ «ቀለም» የሚሉትም አሉ። እያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ አናባቢ ስላለው አናባቢዎቹን መቁጠር ይበቃል። «መክፈል» የሚለው የኖርዌጅኛ ግስ፣ በ-ታ-ለ፣ ሦስት አናባቢ አለው፤ ስለዚህ ሦስት ክፍለ ቃል ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል አንድ ላላ ተነባቢ ብቻ ካለ ከሚከተለው አናባቢ ጋር ይሄዳል፤ «ታ-ለ» እንደሚለው። ተነባቢው ከጠበቀ ግን ለሁለቱም ይካፈላል፦ በ-ዪን-ነ፣ «መጀመር»።

ጫና ማለት ከክፍለ ቃሎቹ አንዱ ከሌሎቹ በርትቶና ረዝሞ መሰማቱ ነው። በአማርኛ ጫና ደካማ ስለሆነ ቦታው ቢዛባም ሰሚው አይቸገርም። በኖርዌጅኛ ግን ጆሮ መጀመሪያ የሚፈልገው ጫናውን ነው። እያንዳንዱ ድምፅ በትክክል ወጥቶ ጫናው ብቻ ቦታውን ሲስት ሰሚው ቃሉን ሊያጣው ይችላል።

ኖርዌጅኛ ውስጥ ይህን ያህል የጀርመን ቃል ከየት መጣ?

ከንግድ። የሃንዛ ማኅበር የሚባለው የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች ኅብረት ከ1360 ገደማ እስከ 1754 ድረስ በበርገን ከተማ፣ ብሪገን በሚባለው የወደብ ሰፈር ቋሚ የንግድ ጽሕፈት ቤት ነበረው። ነጋዴዎቹና የእጅ ባለሙያዎቹ የሚናገሩት የታችኛው ጀርመንኛ የሚባለውን የሰሜን ቋንቋ ሲሆን፣ ከሱ የተወሰዱት ቃላት ዛሬ የዕለት ተዕለት ንግግር ናቸው፦ ስናክ-ከ (ማውራት)፣ አር-በይድ (ሥራ)፣ ስክረድ-ደር (ልብስ ሰፊ)፣ ቢል-ሊ (ርካሽ)፣ «ቋንቋ» ማለት የሆነው ስፕሮክ ራሱ።

ከዚያ በኋላም እስከ 1814 ድረስ ኖርዌይ ከዴንማርክ ጋር በነበረችበት ዘመን የጽሑፍ ቋንቋው ዴንማርክኛ ነበርና፣ በጀርመንኛ የተሞላው የቢሮ አጻጻፍ በዚያ በኩል ገባ። ከናቭ (የመንግሥት የሥራና የማኅበራዊ ድጋፍ መሥሪያ ቤት)፣ ከባንክ ወይም ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ላይ ረጃጅሞቹን ቃላት አስምሩባቸው፤ ብዙዎቹ ከዚሁ ወገን ናቸው።

በታለ ላይ ጫናው ለምን መጀመሪያው ላይ አያርፍም?

የኖርዌጅኛ ነባር ቃላት ጫናቸው በአብዛኛው የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው። ጀርመንኛ ግን ጫና የማይሸከሙ ባዕድ መነሻዎች አሉት፤ ቃላቱም ሲወሰዱ ጫናቸውን ይዘው መጡ። ኖርዌጅኛ ውስጥ በብዛት የሚገኙት አራት ናቸው፦ «በ»፣ «ፎር»፣ «ኤር» እና «ገ»። እነዚህ ሲቀድሙ ጫናው ወደ ሚከተለው ክፍለ ቃል ያልፋል፦ በ-ድሪፍት (ድርጅት)፣ በ-ሼ (መልእክት)፣ ፎር-ክላ-ረ (ማስረዳት)፣ ፎ-ተል-ለ (መንገር፤ «ር» በአፍ ከ«ተ» ጋር ስለሚዋሐድ «ፎ» ሆኖ ይሰማል)፣ ኤር-ፋ-ሪንግ (ልምድ)፣ ገ-ቢር (የአገልግሎት ክፍያ)፣ ገ-ቪንስት (ትርፍ፣ ሽልማት)።

ግሱ ሲረባ ጫናው ከቦታው አይነቃነቅም፦ በ-ታ-ለር (ይከፍላል)፣ በ-ታል-ተ (ከፈለ)፣ በ-ታ-ሊንግ (ክፍያ)። «በታልተ» ላይ ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ ቢመጣም «ታ» እንደረዘመ ይቆያል፤ ግሱ ከነርዝመቱ ነው የሚረባው።

ስለ «ግ» ፊደል አንድ ነገር፦ በ«ገ» መነሻ ውስጥ «ግ» ሆኖ ይነበባል፣ በበዪነ ውስጥ ግን የሚጻፈው ያው ፊደል «ይ» ይሆናል። ምክንያቱ የሚከተለው አናባቢ ነው።

ጫናውን በትክክለኛው ቦታ ላይ አድርጌም አይገባቸውም። ምን ጎደለ?

በአብዛኛው የሚጎድለው ርዝመት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ጫና አድርግ ሲባል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ኖርዌጅኛ የሚፈልገው ግን ጩኸት ሳይሆን ጊዜ ነው። ጫና ያለበት ክፍለ ቃል ምንጊዜም ረጅም ነው፤ የሚረዝመውም በአንዱ መንገድ ብቻ ነው፦ ወይ አናባቢው ይረዝማል፣ ወይ አናባቢው አጥሮ ተነባቢው ይጠብቃል። «ጣሪያ» ማለት ታክ ነው፤ «ታ» ይረዝማል፣ «ክ» ይላላል። «አመሰግናለሁ» ደግሞ ታክክ ነው፤ «ታ» ያጥራል፣ «ክ» ይጠብቃል።

ማጥበቅን እኛ አንማርም፤ አብሮን ያደገ ነው። ገና ልደቱን ገና ካልደረሰው፣ አለ የሚኖረውን አለ ከተናገረው የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። ስለዚህ በ-ዪን-ነ፣ ፎ-ተል-ለ፣ በ-ስቲል-ለ (ማዘዝ) ያሉት ብዙም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ሌላው ወገን ነው። አማርኛ ውስጥ አናባቢን በማስረዘም የሚለይ ትርጉም የለም፤ ምላሳችን ረጅሙን «ታ» አሳጥሮ ያልፈዋል፣ አልፎ አልፎም ጉድለቱን ለመሙላት ቀጣዩን ተነባቢ ያጠብቃል። በ-ታ-ለ ያልነው «በታልለ» ሆኖ ይሰማል። ጣሪያ ልንል ምስጋና የምናቀርበውም በዚሁ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መነሻውን ተዉትና «ታ-ለ» ብቻ በሉ፤ «ታ»ን በጣት ሁለት ምት፣ «ለ»ን አንድ ምት ስጡት። ሳትቸኩሉ ይህ ሲለምድ «በ»ን በአንድ አጭር ምት ከፊቱ ጨምሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። «በ»ን ወደ ረጅም «ቤ» አትሳቡት፤ የረዘመ አናባቢ የሰማ ኖርዌጃዊ ጫናው እዚያ ነው ብሎ ይወስዳል። ከዚያ በስልክ ቅዱት፣ የዜና አንባቢ ያለውን ከጎኑ አድርጋችሁ ስሙ፤ የምትለኩት የ«ታ»ን ርዝመት ብቻ ይሁን።

ሁለት አንድ ዓይነት ፊደል ካየሁ ሁልጊዜ አጠብቃለሁ?

አይደለም። የሚጠብቀው ጫና ያረፈበት ክፍል ላይ ሲሆን ብቻ ነው። «ሰዋስው» ማለት የሆነው ግራ-ማ-ቲክክ ሲጻፍ መሃሉ ላይ ሁለት «ም» አለው፤ ሲነበብ ግን «ም» ላላ ነው፣ የሚጠብቀው የመጨረሻው «ክ» ነው። ቨንን (ጓደኛ) ብቻውን ሲሆን «ን» ይጠብቃል፤ የሴት ጓደኛ ለማለት የጀርመን መድረሻ ተጨምሮበት ቨ-ኒን-ነ ሲሆን ግን የመጀመሪያው «ን» ይላላል፣ ምክንያቱም ጫናው ወደ መድረሻው ሄዷል። ርዝመት ጫናን ተከትሎ ይሄዳል፤ አጻጻፉ አብሮ አይቀየርም።

አር-በይድም የጀርመን ቃል ነው። ለምን ጫናው መጀመሪያ ላይ ሆነ?

ምክንያቱም «አር» ባዕድ መነሻ አይደለም፤ የቃሉ ግንድ ነው። ጀርመኖቹ ራሳቸው ጫናውን መጀመሪያው ላይ ያደርጉታል። «የጀርመን ቃል ሁሉ ጫናው ሁለተኛው ላይ ነው» ብሎ መያዝ የብዙ ስህተት ምንጭ ነው። ደንቡ የሚናገረው ስለ አራቱ መነሻዎች እንጂ ስለ ቃሉ አገር አይደለም። ስናክ-ከ፣ ቢል-ሊ፣ ስክረድ-ደር መነሻ ስለሌላቸው እንደ ነባር ቃል ይሄዳሉ። «ይቅርታ» ማለት የሆነው ኡን-ሺል መነሻ አለው፤ ግን ጫና የሚሸከም መነሻ ነው። «አን»ም እንደዚያው ነው፦ አን-በ-ፋ-ለ (መምከር፣ ይሻላል ብሎ መጠቆም)።

ቃሉ በ«በ» ሲጀምር መነሻ ይሁን የግንዱ አካል በምን አውቃለሁ?

በአጻጻፍ አይታወቅም። የሚከተሉትን ሁለቱን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት ሲጻፉ አንድ ናቸው፦ በ-ስተም-መ (መወሰን) እና በስ-ተ-ሙር (አያት፣ ሴት)። የመጀመሪያው የጀርመን ግስ ነው፣ «በ» መነሻው ነው። ሁለተኛው «ምርጥ» ከሚለውና «እናት» ከሚለው የተሠራ ጥምር ቃል ነው፤ «በስ» ግንድ ነው። አያትን በውሳኔው ጫና መጥራት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰሚው ግስ እየጠበቀ ግራ ይገባዋል። ቤ-ድረ (የተሻለ) እና በስ-ተ (ምርጥ) እንዲሁ ነባር ናቸው።

አንድ መፈተኛ አለ፦ «በ»ን ወይም «ፎር»ን አንሱና የቀረው ራሱን የቻለ ቃል መሆኑን እዩ። ከበ-ታ-ለ ላይ ታ-ለ (ንግግር) ይቀራል፤ ከፎር-ክላ-ረ ክላ-ረ (መቻል)፤ ከፎ-ተል-ለ ተል-ለ (መቁጠር)፤ ከበ-ስተም-መ ስተም-መ (ድምፅ)። የቀረው ቃል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ ነው። የቀረው ቃል ባይሆን ግን ፈተናው ምንም አይነግራችሁም፤ ከበ-ዪን-ነ ላይ «በ» ሲነሳ የሚቀረው ብቻውን ትርጉም የለውም፣ «በ» ግን መነሻ ነው። እንዲህ ያሉት በቃል የሚያዙ ናቸው፤ ደግነቱ ብዙ አይደሉም፣ በየቀኑም ይሰማሉ።

«ፎር» አንዳንዴ ጫና አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ደንቡ ምንድን ነው?

ሁለት የተለያዩ «ፎር»ዎች ስላሉ ነው። አንደኛው ጫና የማይሸከመው የግስ መነሻ ነው፦ ፎ-ሽቶ (መረዳት)፣ ፎር-ክላ-ረ፣ ፎ-ተል-ለ። ሁለተኛው «ፊት፣ ቀድሞ» የሚል ስሜት ያለው ነው፣ እሱ ጫናውን ራሱ ይይዛል፦ ፎር-ናቭን (የመጀመሪያ ስም)፣ ፎሽ-ላግ (ሐሳብ ማቅረብ)፣ ፎር-ዴል (ጥቅም)። ፎሽ-ሸል (ልዩነት) እና ፎር-ሆል (ግንኙነት፣ ሁኔታ) ላይ የ«ፊት» ትርጉም ለዛሬ ተናጋሪ አይታይም፣ ጫናቸው ግን እዚያው ነው።

በሥራ ላይ የሚረዳው አጭር መንገድ ይህ ነው፦ ቃሉ ግስ ከሆነ፣ ወይም ከግሱ በ«ኢንግ» ወይም በ«ኤልሰ» የተገኘ ስም ከሆነ፣ «ፎር»ን አሳጥራችሁ እለፉት፤ ፎ-ሺክ-ሪንግ (ኢንሹራንስ) እንደዚያ ነው። አጭር፣ ባለ ሁለት ክፍለ ቃል ስም ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ «ፎር» ላይ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይሳካል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከግሶቹ የሚያፈነግጥ አንድ በጣም የሚያስፈልግ ቃል አለ፦ ፎር-በ-ሬ-ደ (ማዘጋጀት)። ሁለት መነሻ ተደራርበውበታል፤ የመጀመሪያው «ቀድሞ» የሚለው ስለሆነ ጫናውን ይወስዳል፣ «በ» እንደ ልማዱ አጭር ነው።

እንደ ስቱዴረ ባሉ ግሶች ጫናው የት ነው?

ሁልጊዜ «ኤረ» በሚለው መድረሻ «ኤ» ላይ ነው፣ ቃሉ ምንም ያህል ቢረዝም፦ ስቱ-ዴ-ረ (መማር)፣ ረ-ፓ-ሬ-ረ (መጠገን)፣ ተ-ለ-ፉ-ኔ-ረ (መደወል)፣ ፉ-ቱ-ግራ-ፌ-ረ (ፎቶ ማንሳት)። መድረሻው ከፈረንሳይኛ በጀርመን በኩል የመጣ ነው። ከኋላ መቁጠር ይቀላል፦ ሁለተኛው ከመጨረሻ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው እንደሱ የሚጻፍ ሌላ መጨረሻ መኖሩ ነው። ባ-ከ-ረ (ዳቦ ጋጋሪዎች) ብዙ ቁጥር ነው፤ ቢል-ሊ-ኧ-ረ (የበለጠ ርካሽ) ማወዳደሪያ ነው፤ ሁለቱም ጫናቸው ግንዱ ላይ ይቀራል። ባር-ቤ-ረ (ጢም መላጨት) ግን ግስ ነውና ወደ መድረሻው ይሄዳል። ግስ መሆኑን ካወቃችሁ ጥያቄው አለቀ። «ኤሪ» እና «ኢቴት» የሚሉትም ጫና ይስባሉ፦ ባ-ከ-ሪ (ዳቦ ቤት)፣ ክቫ-ሊ-ቴት (ጥራት)። «ሄት» የሚለው የጀርመን መድረሻ ግን ዋናውን ጫና አይነካም፦ ሙ-ሊ-ሄት (ዕድል)።

ቃላቱ ሲጣመሩስ? ኡትበታሊንግ ላይ ዋናው ጫና የት ነው?

የመጀመሪያው ቃል ላይ። ኡት-በ-ታ-ሊንግ (ወጪ ክፍያ) ላይ «ኡት» ዋናውን ጫና ይይዛል፤ «ታ» ይወርዳል እንጂ አይጠፋም፣ ርዝመቱ ይቀርለታል። ይህን ሁለተኛ ደረጃ ጫና እንበለው። ሳክስ-በ-ሃንድ-ለር (ጉዳያችሁን የሚያይ ሠራተኛ) ላይም ሁለተኛው ጫና «ሃንድ» ላይ ነው። ደረሰኝ ላይ የምታዩት ኡ-በ-ታልት (ያልተከፈለ)፣ እንዲሁም ሚስ-ፎ-ሽቶ (በተሳሳተ መንገድ መረዳት) እንዲሁ ናቸው።

የሚበላሸው መሃሉ ነው። ከዋናው ጫና ቀጥሎ የሚመጣው «በ» ወይም «ፎር» ምንም ክብደት የለውም፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ክፍለ ቃሎቹን እኩል እኩል የማውጣት ልማድ ስላለው እዚያ ላይ ይቆማል። «ኡት» ካላችሁ በኋላ «በ»ን ሳትነኩት ያህል አልፋችሁ «ታ» ላይ ረጋ በሉ። ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ ከኋላ ጀምራችሁ ገንቡት፦ «ታ-ሊንግ»፣ «በ-ታ-ሊንግ»፣ ከዚያ ሙሉው።

በፊደላችን ጽፌ ማጥናት ይጎዳኛል?

በአንድ በኩል ይጠቅማል። በጫና የማይነካው የኖርዌጅኛ «ኤ» ከግዕዝ ፊደላችን (በ፣ ለ፣ ነ፣ ረ) አናባቢ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ስለዚህ «በታለ» ብሎ መጻፍ በላቲን አይቶ «ቤታሌ» ከማለት ይሻላል። ጉዳቱ ሦስት ነው። ፊደላችን የአናባቢን ርዝመት አያሳይም፤ ማጥበቅንም አያሳይም፣ ስለዚህ ሁለቱንም በራሳችሁ ምልክት መሙላት አለባችሁ፤ ለምሳሌ ለረጅም አናባቢ ከሥር መስመር፣ ለሚጠብቅ ተነባቢ ከላይ ሁለት ነጥብ። በተጨማሪም ከንፈርን አሹሎ «ኢ» እንደ ማለት የሚወጣው አናባቢ (በገ-ቢር እና በበ-ዪን-ነ ያለው) ፊደል የለውም፤ እሱ በጆሮ ብቻ ይያዛል።

ሦስተኛውና ከባዱ ሳድስ ነው። ስፕሮክ አንድ ክፍለ ቃል ነው። በፊደል ሲጻፍ ግን «ስ» እና «ፕ» ለየብቻ ቆመው ስለሚታዩ «እስፕሮክ» ወይም «ስ-ፕ-ሮክ» ብለን እናነባለን፤ ስፖርትን እስፖርት እንደምንለው። እንዲህ የተጨመረ «እ» ሰሚው ጋ ሲደርስ አዲስ ክፍለ ቃል ሆኖ ይቆጠራል፣ የጫናው ቦታም ይዛባል። መፍትሔው «ስስስስ» ብሎ ጥርስ ላይ መጎተትና ድምፅ ሳያቋርጡ ቀጥታ «ፕሮ» ውስጥ መግባት ነው። ከመነሻ በኋላም ይኸው ነው፦ በ-ስቲል-ለ ላይ «ስት» አንድ ላይ ይሂድ፤ «በስ-ቲል-ለ» ብላችሁ «ስ»ን ወደ መነሻው አትውሰዱት።

ፎርሽፒል እንደ ጀርመን ይነበባል?

«ፎር-ሽፒል» (ከድግስ በፊት ቤት ውስጥ መሰባሰብ) በጀርመን አጻጻፍ እንዳለ የተወሰደ ቃል ነው። ሁለት ክፍለ ቃል ነው፣ ጫናው ፎር ላይ ነው፣ በ«ቭ» ተጽፎ በ«ፍ» ይነበባል። «ሽፒል» ረጅም «ኢ» አለው፣ ሁለተኛ ደረጃ ጫናም ይይዛል። ከድግሱ በኋላ ያለው ናክ-ሽፒል ነው። ወጣቶች ሁለቱንም አሳጥረው «ፎሽ» እና «ናክ» ይሏቸዋል። ይህ «ፎር» ከፎ-ሽቶ መነሻ ጋር አንድ አይደለም፤ «ቅድመ» የሚለው፣ ጫና የሚሸከመው ነው።

በታለ እና ታለ ላይ ጫናው ያው «ታ» ሆኖ ዜማቸው የሚለየው ለምንድን ነው?

ኖርዌጅኛ ከጫና በላይ ሁለት ቃናዎች አሉት። በፊደል ፍጹም አንድ የሆነው ታንክ-ከን በአንደኛው ቃና «ታንከሩ»፣ በሁለተኛው «ሐሳቡ» ይሆናል። በኦስሎ አነጋገር አንደኛው ቃና ጫናው ላይ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው ከፍ ብሎ ጀምሮ ይወርድና መጨረሻው ላይ እንደገና ይወጣል።

ታ-ለ (ንግግር) ሁለተኛው ቃና አለው። «በ» ሲጨመርበት ግን በ-ታ-ለ ወደ አንደኛው ይቀየራል። ተል-ለ ከፎ-ተል-ለ፣ ክላ-ረ ከፎር-ክላ-ረ ጋር ያላቸው ልዩነት ይኸው ነው። ጫና አልባው የጀርመን መነሻ ያለበት ግስ አንደኛውን ቃና ይወስዳል፤ የ«ኤረ» ግሶችም አንደኛው ናቸው። ጫናው የመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ካረፈ ደግሞ (ገ-ቢር፣ ባ-ከ-ሪ) ሁልጊዜ አንደኛው ነው፣ ሁለተኛው ቃና ከኋላው ቢያንስ አንድ ክፍለ ቃል ይፈልጋልና። ስለዚህ የጀርመን ውሰት ቃላት ቃናቸው ከነባሮቹ ይልቅ ይገመታል። ለማረጋገጥ የኖርዌይ አካዳሚ መዝገበ ቃላት (ናኦብ) ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፤ በአነባበብ ክፍሉ ጫናውንና ቃናውን በምልክት ያሳያል። መጀመሪያ ግን ርዝመቱን አስተካክሉ። በሰሜን ኖርዌይ ሁለቱን ቃና የማይለዩ አካባቢዎች አሉ፣ ንግግራቸው ግን ይገባል፤ ርዝመትን የማይለይ ኖርዌጃዊ ግን በቀላሉ አታገኙም።

የሥራ ባልደረባዬ «ቤታለ» ይላል፣ ጫናውን መጀመሪያ ላይ አድርጎ። ተሳስቷል?

አልተሳሳተም፤ ዘዬው ነው። በምሥራቅ ኖርዌይ ሕዝባዊ አነጋገር፣ በትሮንድላግም፣ የውሰት ቃላትን ጫና ወደ መጀመሪያው ክፍለ ቃል መሳብ የቆየ ልማድ ነው፤ ቃሉን ከነባሮቹ ጋር የማስማማት ዝንባሌ ነው። «ሙዝ» ማለት የሆነው ባ-ናን ጫናው «ናን» ላይ መሆኑ ቀርቶ «ባ» ላይ፣ «ጣቢያ» ማለት የሆነው ስታ-ሹን ደግሞ «ስታ» ላይ ሆኖ ትሰማላችሁ። ሌላው የዘዬ ባሕርያችሁ ኦስሎ ሆኖ ይህን ብቻ ብትቀላቅሉ ግን እንደ ስህተት ስለሚሰማ፣ ለፈተናና ለሥራ ቃለ መጠይቅ በ-ታ-ለ ላይ ብትጸኑ ይሻላል።

ከሁለቱ የኖርዌጅኛ የጽሑፍ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኒኖሽክ የምትማሩ ከሆነ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። የኒኖሽክ መሥራች ኢቫር ኦሰን (1813–1896) የገጠር ዘዬዎችን መሠረት አድርጎ ሲሠራ «አን»፣ «በ»፣ «ሄይት» እና «ኤልሰ» ያለባቸውን የጀርመን ቃላት በተቻለው መጠን ትቷቸዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ተፈቅደዋል፤ ጥሩ ኒኖሽክ የሚጽፍ ሰው ግን ለ«ልዩነት» ፎሽ-ሸልን ትቶ ሺል-ናድ ማለትን ይመርጣል።

ሲጻፍ ቃሉን መስመር መጨረሻ ላይ የት ልቁረጠው?

የአነጋገር ክፍፍልና የመስመር መጨረሻ ክፍፍል አንድ አይደሉም። የኖርዌይ የቋንቋ ምክር ቤት ደንብ መጀመሪያ የቃሉን ክፍሎች ያያል፦ ጥምር ቃል በመገጣጠሚያው ይቆረጣል፣ ባዕድ መነሻም ከግንዱ ይለያል። መገጣጠሚያ በሌለበት ደግሞ ወደ አዲሱ መስመር የሚያልፈው አንድ ተነባቢ ብቻ ነው፤ ድርብ ፊደል ስለዚህ መሃሉ ላይ ይከፈላል። በሁለቱም ወገን ቢያንስ አንድ አናባቢ መኖር አለበት።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ፎ-ሽቶ ላይ ነው። በአፍ «ር» እና «ስ» ተዋሕደው «ሽ» ስለሆኑ መነሻው «ፎ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። በጽሑፍ ግን ጭረቱ የሚገባው ከ«ር» በኋላ ነው፤ «ፎር» መነሻው ነውና ከነፊደሉ ይቆያል። ፎሽ-ላግ እና ፎሽ-ሸልም ሲቆረጡ እንደዚሁ ከ«ር» በኋላ ናቸው። ኡት-በ-ታ-ሊንግን መቁረጥ ካስፈለገ ከ«ኡት» በኋላ ያለው ከሁሉ የተሻለው ቦታ ነው።

በኮምፒውተር ስትጽፉ ራሱ የሚቆርጠው የሰነዱ ቋንቋ ተብሎ በተሞላው ደንብ ነው። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ላይ ከቀረ የኖርዌጅኛው ቃል በእንግሊዝኛ ደንብ ይቆረጣል፣ መነሻና ግንድም ይደባለቃሉ። ጽሑፉን በሙሉ መርጣችሁ ቋንቋውን ቦክሞል (ሌላኛው የኖርዌጅኛ የጽሑፍ ዓይነት) ወይም ኒኖሽክ አድርጉት፣ ከዚያ የመቁረጫውን አገልግሎት አብሩ፤ በአንድ ገጽ የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ግን ጭራሽ ባታበሩት ይመረጣል።